ሰኞ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ

ይህ የሆነው ባለፈው በጋ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሚኤሶ ከተማ ዳር በቆመች ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰኞ አልፏል። ሆኖም የሰኞው ስብሰባ ሊንክ ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር የዚያ ቀን ሙቀት አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ለማንም በዝርዝር አውርቼው ስለማላውቅ፣ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ነው።

የምሠራው ጭሮ ነው። እናቴና የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ድርጅታችን በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውሃ ፓምፖችን ይተክላል፣ ይጠግናል። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። የእኛ ቅርንጫፍ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ሁለት ክፍልና አንድ መጋዘን ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ ከተዛወረ ወዲህ በቦታው ሰው ስላልተመደበ፣ የቀረነው እኔና የንብረት ሠራተኛዋ ወይንሸት ብቻ ነን፤ በሰኞው ስብሰባ ላይ ስለ ቅርንጫፉ የሚናገረውም እኔ ነኝ።

እኔ የኮሌጅ ወረቀት የለኝም። ሙያውን የተማርኩት መጀመሪያ ስልክ እየጠገንኩ፣ በኋላ የተበላሹ የሶላር ዕቃዎችን እየፈታሁና መመሪያቸውን በመዝገበ ቃላት እያነበብኩ ነው። ሥራዬን አውቃለሁ። ነገር ግን ዲግሪ ባላቸው ሰዎች ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ከሽቦ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አልለመደብኝም።

በድርጅታችን አንድ ደንብ አለ። ከመጋዘን ማንኛውም ዕቃ የሚወጣው በየሰኞው የኦንላይን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ የኦፕሬሽን ኃላፊው አቶ ሰሎሞን «ይውጣ» ብሎ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር ብቻ ነው። ድሮ በሌላ ቅርንጫፍ አንድ ዕቃ ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ ስለጠፋ የመጣ ደንብ ነው ይባላል። በስልክ ደውሎ መጠየቅ አይቻልም። እኔ ደውዬ ነበር። «ሰኞ አንሣው» አለኝና ዘጋው።

ሊነሣ የሚገባው ነገር ይህ ነበር። ከሚኤሶ ወጥቶ በኮረኮንች መንገድ ሃምሳ ደቂቃ የሚያስኬድ የከብት አርቢዎች መንደር አለ። እዚያ የተከልነው ፓምፕ አንድ ረቡዕ ቀጥ አለ። ሄጄ አየሁት። ፓምፑ ደኅና ነው። ሶላሩም ደኅና ነው። የተቃጠለው የጫማ ካርቶን የምታህለው መቆጣጠሪያ ነበር። እሷን ቀይሮ ሽቦዎቹን ለማሰር ለእኔ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ትክክለኛዋ መቆጣጠሪያ ደግሞ ጭሮ መጋዘናችን ውስጥ ነበረች። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛዋ፣ ካርቶኗ ያልተከፈተ። ይህን በደንብ የማውቀው ኔትወርኩ ከቢሮው ይልቅ መጋዘኑ ውስጥ ስለሚሻል፣ ስብሰባውን ሁልጊዜ የምከታተለው እዚያ ወንበር አስገብቼ ስለሆነ ነው። ሦስት ሰኞ ያህል ካርቶኗን ፊት ለፊት እያየሁ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያው ሰኞ የእኛ ቅርንጫፍ፣ ምዕራብ ሐረርጌ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ሰዓቱ አለቀ። በሁለተኛው ሰኞ ስሜ ሲጠራ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ተመልሼ ስገባ ስለ ሠራተኞች መታወቂያ አዲስ ቀለም እየተወራ ነበር።

በሦስተኛው ሰኞ ስሜ ተጠራ፣ ማይኬን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ዳገቱን የሚወጣ ከባድ መኪና ከበራችን ላይ ጥሩንባውን ለቀቀው። አቶ ሰሎሞን «ቢንያም፣ ማይክህን ዝጋ፣ ጩኸት አለ» አለኝ። ዘጋሁ። እሱም ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ። መጨረሻ ላይ «ሌላ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ እንደገና ማይኩን ከፈትኩ። አፌን ግን አልከፈትኩም። አሥራ አንድ ሰከንድ ቆጠርኩ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ተባለና ስክሪኑ ጠቆረ።

በየሰኞው አመሻሽ ላይ የሚደውሉልኝ ሰው ነበሩ። ኦቦ ሙሜ ይባላሉ፤ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ይመስለኛል። የምናወራው በኦሮምኛ ነው። አይቆጡም። «ዛሬስ ተናገርክ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተራ አልደረሰኝም እላቸዋለሁ። «እሺ ኢልማኮ» ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ይዘጋሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሰኞ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። የሚቀጥለው ሳምንት ካለፈ ሠላሳ የሚሆኑ አባወራዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ አዋሽ በኩል ይወርዳሉ። የልጃቸው ልጅ ፈቲያ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የክልሉን ፈተና ልትፈተን ሁለት ወር አልቀራትም። ቤተሰቡ ከሄደ እሷም ትሄዳለች። ይህን የነገሩኝ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ወሬ ነው። እኔ ግን ቀን ቆጠርኩ። ከአራተኛው ሰኞ በኋላ ያለው ሰኞ በዓል ነው፣ ስብሰባ የለም። ስለዚህ የቀረኝ አንድ ሰኞ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ሰኞ ማለዳ ምናልባት የተቃጠለውን ጠግኜ አስነሣው እንደሆነ ብዬ መሣሪያዬን ይዤ ወደ መንደሩ ወረድኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ታገልኩ። አልሆነም። ስብሰባው ሰባት ተኩል ላይ ነው። መንደሩ ለስልክ ጥሪ እንጂ ለስብሰባ የሚበቃ ኔትወርክ የለውም። ኦቦ ሙሜ፣ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ፈቃዱ ሲመጣ ጭሮ ወጥተን ዕቃዋን በእጄ ይዤ እመለሳለሁ አሉ። በትራቸውን ይዘው ጋቢና ገቡ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሚኤሶ ደረስን። ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ ያለ አንድ ግራር ሥር መኪናዋን አቆምኩ። እዚያ ጋ ኔትወርኩ አራቱንም መስመር ይሞላል። የስልኬ ባትሪ ሰማንያ አራት በመቶ ነበር። የመኪናዋ ቻርጀር የሚሠራው ሞተር ሲነሣ ብቻ ነው። ሞተር ካነሣሁ ደግሞ ድምፅ አለ።

መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ። በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪኖች በየደቂቃው ያልፋሉ፣ እኔ ደግሞ እንደገና «ጩኸት አለ» እንዲባል አልፈለግሁም። ኦቦ ሙሜ ሙቀቱ አይደል ወይ አሉ። ለትንሽ ጊዜ ነው አልኳቸው። የውሸቴን አልነበረም። ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል ተብሎ ተጽፏል።

ስልኩን የመኪናው መስተዋት ላይ በሚጣበቀው መያዣ አቆምኩት። በዚያ ቀን አቶ ሰሎሞን ሁሉም ካሜራውን እንዲከፍት አዘዘ። ባለፈው ስሙ ተጠርቶ ያልነበረ ሰው ስለነበረ ነው። ሃያ ሦስት ፊቶች በትንንሽ ሳጥን ተደረደሩ። ኦቦ ሙሜ ካሜራው እንዳይዛቸው ወደ በሩ ተጠግተው፣ አንገታቸውን ግን ወደ ስክሪኑ አስግገው ተቀመጡ።

ሽማግሌያቸው የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። ላይ ጥግ ላይ ያለው ነው አልኳቸው። ገና ወጣት ነው አሉ። ማይኬ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ያ ቀይ ሲሆን የእኛ ድምፅ ወደነሱ አይሄድም አልኳቸው። ነገሩ ገባቸውና ዘና ብለው መናገር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ያለፈው «ይሰማል?» በመባባል ነው። ከጂማ የገባው ሰው ይሰማል ወይ ሲል፣ ኦቦ ሙሜ «ይሰማል» ብለው በአማርኛ መለሱለት። እሱ እንደገና ይሰማል ወይ ሲል እሳቸውም እንደገና መለሱ። በኋላ ሌላው ሰው ስክሪኔ ይታያል ወይ ሲል «ይታያል፣ ቀጥል» አሉት። ሰውዬው ግን አልቀጠለም፤ ማይካችን ዝግ ነበርና።

ከዚያ የሦስት ወሩ ሪፖርት መጣ። አቅራቢው ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ያነባል። የአንዱ ማይክ ተከፍቶ ቀርቶ ዶሮ ይጮኻል። የማን ዶሮ ነው ተብሎ ሲጣራ አምስት ደቂቃ ሄደ። ዶሮ የሌላቸው ሰዎች በየተራ ዶሮ እንደሌላቸው አስረዱ። አንዱ ደግሞ «የተባለውን ለማጠናከር ያህል» ብሎ ይጀምርና የተባለውን እንዳለ ይደግመዋል። ኦቦ ሙሜ ሰውዬውን ትክ ብለው ካዩት በኋላ፣ ይሄንንማ ያኛው ብሎታል፣ አልሰማውም እንዴ አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከኪሳቸው ጥቂት የጫት ቅጠል አውጥተው አየት አደረጉና መልሰው አስገቡት። ስክሪኑን በአገጫቸው እያመለከቱ «ጫት የላቸው፣ ሻይ የላቸው፣ ይሄን ሁሉ ሰው ምን አስቀመጠው?» አሉኝ። 

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የግራሩ ጥላ ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ወረደ። ፀሐዩ መጀመሪያ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ወጣ። መኪናዋን ሁለት ሜትር ወደፊት ባስጠጋት ጥላ ውስጥ እንገባ ነበር። ሞተር ማስነሣት ግን አልደፈርኩም፤ ስሜ የሚጠራው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የደቡቡ ቅርንጫፍ ሪፖርት ተጀመረ። በዝርዝሩ አራተኛው ነው። እኛ አሥራ አንደኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል እንዴት እንዳለፈ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። የማስታውሰው መሪው በእጅ የማይነካ ያህል መጋሉን ነው። ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። የውሃ ላስቲካችን ባዶ ነው። ባትሪዬ አርባ አንድ፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሃያ እያለ ይወርዳል። ኦቦ ሙሜ ጨርቃቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ሁለት ጊዜ ሊወርዱ ፈልገው በሩን ሲነኩ፣ እባክዎ፣ ነፋሱ ይገባል፣ አሁን ሊጠሩኝ ነው አልኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን መለሱ። አንድ ሽማግሌ ሰው በመኪና ውስጥ ቆልፌ እንዳስቀመጥኩ የገባኝ በሁለተኛው ጊዜ ነው።

አሥር ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ አቶ ሰሎሞን ሰዓቱ ስለሄደ የቀሩት ቅርንጫፎች ሪፖርታቸውን በጽሑፍ ይላኩ አለ። የቀሩት ቅርንጫፎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው እኛ ነን።

ከዚያ ስለ ቀጣዩ ሩብ ዓመት እቅድ ረዘም ያለ መዝጊያ ንግግር አደረገ። ባትሪዬ ዘጠኝ በመቶ ሆነ። በመጨረሻም ያ ቃል መጣ። «ሌላ ያለው?»

ማይኩን ነካሁት። ቀዩ ምልክት ጠፋ። ጠዋት መኪና ስነዳ ሳጠናው የዋልኩት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። የመጀመሪያዋ ቃል «ይቅርታ» ነበረች። እሷ አልወጣችም። ሃያ ሦስቱም ሰዎች ዝም ብለዋል። አብዛኛው አንገቱን ደፍቷል፤ ጠረጴዛ ሥር ሌላ ስልክ እያየ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ኦቦ ሙሜ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ስብሰባ የሚዘጋው በዱዓ ነው። ወሬው ሲያልቅ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ይመርቃል፤ አሚን ይባላል፤ ከዚያ ሁሉም ይነሣል። ከዱዓ በኋላ ነገር የሚያነሣ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። በመካከላቸውም የእሳቸውን ያህል ዕድሜ ያለው ሰው የለም። የሚጠብቁት እሳቸውን መሰላቸው።

ስድስት ላይ ስደርስ ከአጠገቤ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በኦሮምኛ ጀመሩ፣ ወዲያው ግን ለእነዚያ እንዲገባቸው ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ።

«አላህ ይሄን መጅሊስ ይቀበለው።»

ጣቴ ማይኩ ላይ ነበር። ልዘጋው እችል ነበር። ጭሮ ያደገ ሰው ግን፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ሽማግሌ ሲመርቅ አያቋርጥም። አልዘጋሁትም።

ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «አሚን» አለ። የጂማው ሰው ይመስለኛል።

«የደከመ ሰው አለ፣ አላህ ያሳርፈው። ከቤቱ ርቆ የሚሠራ አለ፣ በሰላም ቤቱ ያግባው።»

አሁን ብዙ ሆነው አሉ። አንዳንዱ አሚን፣ አንዳንዱ አሜን። አንገቶች ቀና ሲሉ አየሁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ላይ የተቀመጠው ትልቁ ሰውዬ፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው። ልቡን ያስፋው።»

«አሜን።» ይኼኛው አቶ ሰሎሞን ራሱ ነበር። የተባለው ስለ እሱ መሆኑን ከማወቁ በፊት ያለው ይመስለኛል።

«ጭሮ መጋዘን አንድ ማሽን አለ። የኛን ውሃ የሚያወጣ ነው። አንድ ወር እዚያ ተቀምጧል። አላህ ዛሬ ያውጣልን። ከብቱ እንዳይሰደድ። ልጆቹ ከትምህርት እንዳይቀሩ።»

አንድ ወር አልሞላም። ሃያ ስድስት ቀን ነበር። ነገር ግን ዱዓ ውስጥ ገብቶ ማረም አይቻልም።

«አሜን» አሉ። ሁሉም አሉ። በየቅርንጫፉ ኔትወርክ ፍጥነት አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ፣ ለብዙ ሰከንድ አሜን ሲመጣ ቆየ።

ኦቦ ሙሜ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «በቃ፣ እንሂድ» አሉኝና በሩን ከፈቱት። ነፋሱ ገባ። እንዲያ ያለ ነፋስ ሚኤሶ ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

ስልኩ ላይ ደግሞ ሰዎች መውጣት ጀምረዋል። ስብሰባው ተዘግቷል ብለው ይሁን፣ ወይም ሦስት ሰዓት ሙሉ የቆዩት መውጫ ፈልገው ይሁን አላውቅም። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሃያ ሦስት የነበረው አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ አምስት ሆነ። አቶ ሰሎሞን «ቆይ፣ ቆይ» ይላል፤ የሚሰማው የለም። መጨረሻ ላይ የቀረነው እሱ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሰብለ እና እኔ ነን።

ማን ነው የጸለየው ብሎ ጠየቀ። ፊቴ እንደተቃጠለ ይሰማኝ ነበር፤ ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ሰው ሲበዛ የሚጠፋው ድምፄ ግን ለሁለት ሰው በቂ ሆኖ ተገኘ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሆናቸውን ነገርኩት። መንደሩን፣ የዕቃዋን ቁጥር፣ መደርደሪያውን ነገርኩት። ከተቃጠለ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው፣ ለመግጠም አንድ ሰዓት ይበቃኛል፣ በዚህ ሳምንት ካልተገጠመ መንደሩ ይነቀላል አልኩ። ሁሉንም ለመናገር አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም።

አቶ ሰሎሞን መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ ለእኔ ሳይሆን ለሰብለ ነው የተናገረው።

«ይሄ ምን ተብሎ ነው ቃለ ጉባኤ ላይ የሚጻፈው?»

ሰብለ ቀና ሳትል መለሰች። «ተቃውሞ አልቀረበም። ሁሉም አሜን ብለዋል።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። የሳቀ መሰለኝ፣ ግን ምስሉ ተቆራርጦ ነበርና እርግጠኛ አይደለሁም። «ይውጣ» አለ። ስልኬ በአራት በመቶ ላይ ነበር።

ሞተሩን አስነሣሁ፣ አራቱንም መስኮት ዝቅ አደረግሁ። ዳገቱን ስንወጣ ኦቦ ሙሜ ጫታቸውን አውጥተው ቀነጣጠቡ። አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። 

«ያ ሰውዬ ክፉ አይደለም» አሉ። «አንተ ሦስት ሰኞ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ተራዬን አልኳቸው።

ወደ ውጭ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው አልጠየቁኝም።

ጭሮ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር። መጋዘኑ የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ወይንሸት ግን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እሷም ስብሰባው ውስጥ ነበረች፤ «ይውጣ» መባሉን ደግሞ ሰብለ ደውላ ነግራታለች። የወጪ ቅጹን ሞልታ፣ ካርቶኗን አቧራዋን ጠርጋ ወንበር ላይ አስቀምጣታለች፣ ያችው እኔ የምቀመጥባት ወንበር ላይ። ኦቦ ሙሜን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸውና፣ አባቴ፣ እኔም አሜን ብያለሁ አለቻቸው።

እሳቸው ጭሮ ከሚኖር የወንድማቸው ልጅ ቤት አደሩ። ማክሰኞ ጠዋት አብረን ወረድን። ካርቶኗን መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ ይዘዋት ነበር። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ውሃው ወጣ። መጀመሪያ ዝገት፣ ከዚያ ጭቃማ፣ ከዚያ ጥሩ ውሃ። ፈቲያ ደብተሯን ይዛ ከትምህርት ቤት በኩል ሮጣ መጥታ ጀሪካን ሳትይዝ ቆማ አየችው። ከብቶቹ ወደ አዋሽ አልወረዱም። እሷም ፈተናዋን ተፈተነች።

በሳምንቱ መጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው በውስጥ ስብሰባ ላይ እንዲናገር ማድረጌ ከአሠራር ውጭ መሆኑን ይገልጻል። የፈረመው አቶ ሰሎሞን ነው። ትክክል ነው፣ ከአሠራር ውጭ ነው። ደብዳቤውን የመቆጣጠሪያዋ መመሪያ ውስጥ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

ስብሰባው አልተለወጠም። አሁንም ሰባት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ አሁንም ይሰማል ወይ ይባላል፤ ዶሮው አሁንም አለ፣ የማን እንደሆነም አልታወቀም። ምዕራብ ሐረርጌም አሁንም አሥራ አንደኛ ነው። እኔም መጋዘኑ ውስጥ ያችው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ያን ቀን ሳስበው ደስታም እፍረትም ይሰማኛል። ውሃው በመውጣቱ ደስ ይለኛል። አንድ ሽማግሌ ስለ እኔ ሥራ አላህን እስኪለምኑ ድረስ እኔ ሰው መለመን አቅቶኝ በመቆየቴ አፍራለሁ። ለሃያ ስድስት ቀን የታሰርኩት በደንቡ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የተዘጋውን በር ግን ከውስጥ የያዝኩት እኔም ነበርኩ።

አሁንም «ሌላ ያለው?» ሲባል ሁሉም አንገቱን ይደፋል። እኔም ማይኬን ከፍቼ መቁጠር እጀምራለሁ፤ ይህን ልማድ መተው አልቻልኩም። ከሁለት በላይ ግን አልቆጥርም።